የዘመመው ጎተራና የአርቪድ መነጽር

ለተወደድሽው እህቴ ለራግና፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ አብሮሽ ከረመ? የባለቤትሽ የግራንት ወገብስ ተሻለው? ልጃችን ካሪ በሰላም ተገላገለች ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር፤ እሷም ሕፃኑም እንዴት ናቸው? በጎቹስ መውለድ ጀመሩ? እኛ የመጨረሻውን ድንች ከመሬት ስናወጣ እናንተ ከምድር ወገብ በታች ጸደይ እየገባላችሁ ነው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ብታስረጂኝም ይህ ነገር እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደብዳቤሽ ከነፎቶው ደርሶኛል። ፀጉርሽን ተቆርጠሽ ሳይ ቁርጥ እናታችንን መስለሽኝ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። አርቪድ ደግሞ አይቶ፣ "ራግናን ምን ነካት? ማጨጃ ማሽን ውስጥ ገባች እንዴ?" ብሏል። ይህን የምጽፍልሽ እንድትናደጂበት ብዬ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ይንቋቋል እንጂ የፈለግኩበት ያደርሰኛል። ስንዴው ገብቷል። ባለፈው ማክሰኞ ተራሮቹ ጫፍ ላይ በረዶ ጥሏል። ነፋሱ ያው የምታውቂው ነፋሳችን ነው፤ ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ግማሹን የምለቅመው ከአጥሩ ላይ ነው። ስልክ እንዳልደውልልሽ፣ አርቪድ አጠገቤ ቆሞ "ኧረ እንደሱ አይደለም፣ እንዲህ ነው" እያለ ስለሚያርመኝ ወሬዬ መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ዛሬ ከቨርል ጋር ወጥቷል። ስለዚህ ወረቀቴን ዘርግቼ ቁጭ ብያለሁ፤ ወሬው ረጅም ነውና አንቺም ወንበር ሳቢ።

የአርቪድ ዓይን እየደከመ መሆኑን ጽፌልሽ ነበር መሰለኝ። አንቺ እዚህ ሳለሽ የነበረውን ጠመንጃ ነው እስከ ዛሬ የሚተኩሰው፤ ሺህ ያርድ ድረስ፣ ያለ ማጉያ መነጽር፣ በብረት ማነጣጠሪያው ብቻ። ሰው የሚያውቀው ግን ነፋስ በማንበቡ ነው። በደረቱ ተኝቶ ሣሩን ያያል፣ ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ወዴት እንደሚንቀለቀል ያያል፣ ወፍ ካለፈች እሷንም ያያል፤ ከዚያ "ይህን ያህል ወደ ግራ" ብሎ ይተኩሳል፤ ይመታልም። ከቾቶ እስከ ፌርፊልድ ያለ ተኳሽ ሁሉ ነፋሱ ሲያደናግረው "አርቪድ ምን አለ?" ነው የሚለው። እህል መጋዘኑ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ እዚህ የመኸር ውድድር ተጀምሯል። በሦስት ርቀት ሦስት የማረሻ ዲስክ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ይሰቀላል። ለእያንዳንዱ አንድ ጥይት ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ የሙከራ ጥይት የሚባል ነገር የለም። ከተመታ ይደውላል፣ ካልተመታ ዝም ይላል። ባለፈው ዓመት አርቪድ ሲተኩስ ሦስቱም ዝም አሉ። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጭጋግ ሆነበት። ቤት መጥቶ ጠመንጃውን ወልውሎ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው፤ ከዚያም ክረምቱን በሙሉ መስኮት ሥር ተቀመጠ። ወንድሙ ኔልስ ከሥራ በወጣ በሁለት ዓመቱ እንዴት እንዳለቀ ታስታውሻለሽ፤ በሽታም አልነበረበት፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነው ያለቀው። ፈራሁ ራግና። ስሄድ ስመጣ ጀርባውን እያየሁ እፈራ ነበር።

በጁን ወር ቨርል ትርፍ መነጽር አለኝ ብሎ ይዞ መጣ። ቨርልን አታውቂውም፤ የኦልሰኖችን እርሻ የገዛው ጎረቤታችን ነው። አፉ አያርፍም፣ ግን ከብት ስናዋልድ ሳይጠራ የሚደርስ ሰው ነው። ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው መነጽር፣ አርቪድ አርባ ዓመት ሙሉ ሲሰድበው የኖረ ዕቃ ነው። የሚጠቀሙበትን ሰዎች "የጎረቤት መስኮት አጮላቂዎች" ነበር የሚላቸው። ቨርል ሣጥኑን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ "እንግዲህ አንተም አጮልቅ። ያለህ ጎረቤት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የምታይ ቆንጆ አይደለሁም" አለው።  ሣጥኑ በጨውና በስኳሩ መሐል አሥራ አንድ ቀን ተቀመጠ፤ ዙሪያውን ሆነን በላን። በአሥራ ሁለተኛው ቀን እጁን ታጥቦ ከፈተው።

ይህ ሥራ ያን ያህል ጣጣ እንዳለው አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ ባለው ብረት መያዣ፣ ሞርሳው ላይ አሰረው፤ ብረቱ እንዳይፋቅ ያለበሰው ሳምንት ሙሉ የፈለግኳቸውን የሱፍ ካልሲዎቼን ነው። የድሮውን ማነጣጠሪያ ፈትቶ በመሃረብ ጠቀለለውና ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ሰው ይህን ያህል ለብረት ያዝናል ብዬ አላስብም ነበር። የብሎኖቹን ቀዳዳ በአልኮልና በጥጥ አንድ በአንድ ጠረገ፤ ዘይት የነካው ብሎን ስንት ጥይት እንደተተኮሰ ሳይታወቅ ይላላል አለኝ። መቀመጫውን አጠበቀ፣ የሁለቱን ቀለበቶች የታች ግማሽ አሰረ፣ ከዚያ መነጽሩን ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ አድርጎ አስተኛበት። የላዩን ግማሽ ገጠመ፤ ግን አላጠበቀውም።

ቀጥሎ የዓይንን ርቀት መለካት መጣ። የሰባ አንድ ዓመት ሰውዬ ሲሚንቶ ላይ በደረቱ ተኝቶ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጉንጩን ሰደፉ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ይከፍታል። "ወደ ፊት። ኧረ በዛ። ትንሽ መልሰው።" መነጽሩ ለዓይን ከቀረበ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ ቅንድብ ይሰነጥቃል፤ ቨርል ግንባሩ ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳ አለው፣ ያገኘውም በዚሁ ነው። "እሱ ማኅተሜ ነው፣ አንተም ከፈለግክ እንምታልህ" ይለዋል። ልኩ ሲገኝ እኔ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ከዚያ አርቪድን ከመሬት ለማንሳት ሁለታችንም አስፈለግን።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢ፤ ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነውና። በመነጽሩ ውስጥ ስታዪ መስቀል የሚሠሩ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የቆመው መስመር ከጠመንጃው ጋር ቀጥ ማለት አለበት። አርቪድ ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካከለው፤ አረፋዋ መሐል እስክትገባ ድረስ። ቨርል ደግሞ ከኪሱ ቱምቢ፣ ያንን ግንበኞች በክር የሚያንጠለጥሉትን ብረት፣ አወጣና እደጅ ልስቀልና መስመሩን በክሩ አስተካክል አለው። አርቪድ ፊቱ ተለወጠ። "ቱምቢህን መልስ" አለው። "አባቴ የሠራው ጎተራ ፊት ለፊቴ ቆሞ እያለ ክር አንጠልጥዬ አላይም።" የወርክሾፑን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ስልሳ እርምጃ ያህል ወዲያ ጎተራው ቆሟል፤ በሠርጌ ቀን የጨፈርሽበት ያ ጎተራ። ቨርልም ሳይከራከር ቱምቢውን ኪሱ ከተተ። በዚህ ሸለቆ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ስለ ቀጥታ ነገር ሲያወራ የአማቴን የአንደርስን ማእዘን ነው የሚጠራው።

ስለዚህ መነጽሩን በፀጉር በፀጉር እያዞረ፣ የቆመውን መስመር ከጎተራው የቀኝ ማእዘን ጋር ገጣጠመው። ብሎኖቹን ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ እያቀያየረ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚል መፍቻ በጥቂት በጥቂቱ አጠበቃቸው። እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ እያበራሁለት ነበር። ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ስሆን አፌን አልከፈትኩም። ምን ጉዳት አለው ብዬ ነው፤ ለጥይቱ የጎተራ ማእዘን ምኑ ነው ብዬ።

ሁለት መቶ ያርድ ላይ ሲተኩስ ሦስቱ ጥይቶች አንድ ቀዳዳ ገቡ። እንደ ጎረምሳ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ፤ ዓይኑ ተመልሶለታል ብዬ። ከዚያ የመነጽሩን ማስተካከያ ለሩቁ ከፍ አደረገና ስድስት መቶ ላይ ተኮሰ፤ ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ ሄደ። ሺህ ያርድ ላይ ከስንዝር በላይ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ዲስኩን አልፎ ከኋላው ያቆመው ሳንቃ ላይ ተቀበረ። "ነፋሱን አላየሁትም" አለ። ሣሩን አየ፣ አሰበ፣ ደግሞ ተኮሰ፤ ያው ወደ ቀኝ ሆነ። ነፋሱ ከግራም መጣ ከቀኝ፣ አርቪድ ከሚለው ቦታ ጥይቱ ሁልጊዜ ያችኑ ስንዝር ይሸሻል። አንድ ቀን ማለዳ ነፋስ የሚባል ነገር ጠፋ፤ ያን ቀንም ወደ ቀኝ ሄደ። "እንግዲያው ጣቴ ነው፤ ቃታውን እየጎተትኩት ነው" አለ። እንዲህ እያለ በጋውን ጨረሰ። አንድ ቀን ሳህን ሳጥብ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ "ድሮ ነፋሱ ይነግረኝ ነበር። አሁን ከሌላ ሰው ጋር ነው የሚያወራው" አለኝ።  እጄን አድርቄ ትከሻውን ያዝኩት።

በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቨርልን ጠርቶ መነጽሩን እንዲወስድና ስሙን ከውድድሩ ዝርዝር እንዲያሰርዝ ነገረው። ቨርል የቼሪ ኬክ እየበላ ነበር። ሹካውንና ቢላውን መስቀል አድርጎ ሳህኑ ላይ አቆመና፣ "አየህ፣ መስቀሉ ቢጣመም ኖሮ ልክ እንዲህ ነበር የሚያደርግህ። ቅርብ ላይ አይታወቅም። ለሩቁ ከፍ ባደረግከው ቁጥር ግን ወደ ጎን ይሄድብሃል" አለው። ሹካውን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ አሳየው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና፣ "ግን አይሆንም፤ በአንደርስ ጎተራ ነው ያስተካከልነው" አለ። አርቪድም "አይሆንም" አለ። ሁለቱም ወደ ኬካቸው ተመለሱ። እኔ ግን እጄ ላይ የነበረው ማሰሮ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ስድስት ጸደይ ላይ ጎተራ ስገባ አንደርስን አገኘሁት፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ በሩን ነቅሎ በመላጊያ ጠርዙን ይልጋል። የምዕራቡ ነፋስ ዓመት በዓመት እየገፋ ጎተራውን ወደ ምሥራቅ፣ ከወርክሾፑ ሲያዩት ወደ ቀኝ፣ አዝምሞት ኖሯል፤ በሩም ከላይ እየያዘ አልዘጋ ብሎት ነው። እኔን ሲያይ እንደ ሌባ ደነገጠ። "ለአርቪድ እንዳትነግሪው" አለኝ። "ከሰማ ክሪክና ግንድ ይዞ ሁለት በጋ ሙሉ ሥሩ ይውላል፤ ተኩሱን ይተወዋል። ልጁ በዚህ ዓለም ለራሱ ብሎ የሚወደው አንድ ነገር ነው ያለው።" ማልኩለት። እስኪሞት ድረስ በየጸደዩ አርቪድ መጋዘን ሲውል ይልግ ነበር። በሰባ ሁለት መኸር አልጋ ላይ ሲወድቅ መላጊያውን በጆንያ ጠቅልሎ ሰጠኝ። "በአፕሪል፣ ዝናቡ ሳይጀምር" አለኝ፤ ስለ ሌላ ምንም አላወራም።

ከዚያ ወዲህ የምልገው እኔ ነኝ ራግና። አሥራ ዘጠኝ ጸደይ። አዲሱ እንጨት እንዳይታይ ጠርዙን ቀለም እቀባዋለሁ። እንግዳ ሲመጣ አርቪድ ጎተራው ደጃፍ ይወስድና በሩን በአንድ ጣቱ ገፍቶ ይዘጋዋል፤ "አባቴ የገጠመው ነው፤ አንድ ቀን ተነክቶ አያውቅም" ይላል። እኔ ከጎኑ ቆሜ "እውነት ነው" እላለሁ። ሳቂብኝ፣ መብትሽ ነው።

ሁለት ቀን አሰብኩ። ማርማላታ አቃጠልኩ። ዝም ካልኩ መስኮቱ ሥር ተመልሶ ይቀመጣል፤ ከተናገርኩ ደግሞ ለሞተ ሰው የገባሁትን ቃል አፈርሳለሁ፣ ለአርቪድም ከአባቱ የቀረችለት ኩራት ትሄዳለች። እኔው ራሴ ወርክሾፕ ገብቼ መነጽሩን ላዙረው ወይ ብዬ ካቻቪቴ ይዤ እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ግን ምኑን ከምኑ እንደማዞር አላውቅም። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አንደርስ ያስማለኝ አርቪድ እንዲተኩስ ብሎ ነው፤ አሁን ያው መሐላ ጠመንጃውን ሊያሰቅለው ነው። ቅዳሜ ቁርስ ላይ፣ "አርቪድ፣ ጎተራው ዘምሟል" አልኩት።

ዳቦው ላይ ቅቤ መቀባቱን ቀጠለ። "ምን አልሽ?" አለኝ። "አምስት ጣት፣ ወደ ምሥራቅ" አልኩት። "ማነው ያለው?" ሲለኝ "እኔ ነኝ" አልኩ። ቀና ብሎ ያየኝን አስተያየት ልነግርሽ አልችልም፤ በአርባ አራት ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ዓይቶኝ አያውቅም። "አንቺ ሴትዮ፣ የአባቴን ጎተራ!" ብሎ ተነሳ። መሰላሉንና የአባቱን ቱምቢ ይዞ ሲወጣ በሩን የሚያላጋው መስሎኝ ነበር፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። የባሰ አስፈራኝ።

በመስኮት አየሁት። ጣራው ጠርዝ ላይ ክሩን ሰቀለ። ነፋሱ ቱምቢውን አላሳርፍ ሲለው ባልዲ ውሃ አምጥቶ ውስጡ ነከረውና እስኪረጋ ጠበቀ። በጣቱ ለካ። መሰላሉን ወጥቶ ክሩን አስተካከለና እንደገና ለካ። ከዚያ መሰላሉ እርከን ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አወለቀ።  ልወጣና አጠገቡ ልቀመጥ አሰብኩ፤ ቡና ጣድኩለት እንጂ አልወጣሁም። ሲገባ እንዴት እንዳወቅኩ አልጠየቀኝም። "ቨርልን ጥሪልኝ፤ ቱምቢውንም ይዞ ይምጣ" ብቻ አለ። የበሩን ነገር ያን ዕለት አልነገርኩትም። ለአንድ ቀን ይበቃዋል አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ድፍረቱም አልነበረኝም።

ቨርል መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ቱምቢውን ከኪሱ አወጣ። ክሩን እደጅ ሰቀለ፤ አርቪድ ብሎኖቹን አላልቶ የቆመውን መስመር ከክሩ ጋር አገናኘና መልሶ አጠበቀ። የዞረው ነገር ለዓይን አይታይም። ሄደን ሺህ ያርድ ላይ ተኮሰ። ድምፁ ከዚያ ድረስ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ዲስኩ ደወለ። ሌላ ተኮሰ፣ ደወለ። አርቪድ እንደተኛ ቀረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የሚያለቅስ መስሎኝ ስሮጥ የሚስቅ ነው። "ነፋሱን በትክክል ነው ያየሁት! በጋውን በሙሉ በትክክል ነበር የማየው!" ይላል።

ውድድሩ ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ነበር። ነፋሱ ያን ቀን ውሻ ይወስድ ነበር፤ የሴቶቹን ጠረጴዛ ልብስ በድንጋይ ነው የያዝነው። አርቪድ የመጀመሪያውን ዲስክ አስደወለ፣ ሁለተኛውንም አስደወለ። ሦስተኛው ላይ ቆየ። የቅርቡ ሣር ወደ አንድ ወገን ይተኛል፣ ሩቅ ያለው ሙቀት ግን ወደ ሌላ ይንቀለቀላል። ከጎረምሶቹ አንዱ፣ "ሽማግሌውን ቀስቅሱት፣ እንቅልፍ ወስዶታል" አለ። ሰዓት ያዡ ጣቱን አነሳ። ተኮሰ። በልቤ ቆጠርኩ፤ አራት ላይ ስደርስ ደወለ። ሦስቱንም የመቱ ሦስት ሰዎች ነበሩና እንደገና ተኮሱ፤ ከፌርፊልድ የመጣች አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት አሸነፈችው፤ እሱ ሁለተኛ ወጣ። እጇን ጨብጦ "ያንቺ ነፋስ ከኔ ይበልጣል" አላት፤ ይህን ቃል ለማንም ሲል ሰምቼ አላውቅም። አንዱ መጥቶ መነጽሩ እንዴት ነው ብሎ ሲጠይቀው ደግሞ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት፣ "መነጽሩ ደህና ነው፤ የዘመመው የአባቴ ጎተራ ነው" አለ። ማንም አልሳቀም።

ስንመለስ የሚነዳው እሱ ነበር። በራችን ላይ ስንደርስ ፒክአፑን አቆመና ሞተሩን አጠፋው። "ሶልቬግ" አለኝ። "አምስት ጣት የዘመመ ቤት በሩ በአንድ ጣት አይዘጋም።" እጆቼን አየሁ። "አይዘጋም" አልኩት። "ማነው?" አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ አባቱ ያለውን፣ መላጊያውን፣ ጆንያውን፣ ቀለሙን። መሪው ላይ በጣቶቹ ቆጠረ፤ አባቱ ሰባት ጸደይ፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። የመኸር ውድድሮቹን ደግሞ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ያሸነፈባቸውን፣ የተሸነፈባቸውን፣ ዝናብ የበላቸውን። ከዚያ ፊት ለፊቱን እያየ፣ "እንግዲያው እኔ አንድም ቀን ብቻዬን ተኩሼ አላውቅም" አለኝ። አለቀስኩ ራግና። ባርኔጣውን ሰጠኝ፣ በእሱ አበስኩ። እስክጨርስ ድረስ ሞተሩን አላስነሳም።

ቨርል ክሪክና ሰው ላምጣና ጎተራውን እናቃናው ብሎታል። አርቪድ ከውድድሩ በኋላ እናያለን አለው። የትኛው ውድድር እንደሆነ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

በይ እንግዲህ እጄ ደከመ። ግራንትን ወገብህን ጠብቅ፣ አጥሩን ለልጆቹ ተው በይልኝ። ካሪን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ሕፃኑንም እግሩን ሳሚልኝና ክብደቱን ጻፊልኝ። አማትሽ ወይዘሮ ማክሬይ እስካሁን መነጽሯን ራሷ ላይ አድርጋ የምትፈልገው ከሆነ፣ ከሞንታና ሰላም ብያታለሁ በያት። ለውሾቹም ሳይቀር። አርቪድ ከመውጣቱ በፊት ለአንቺ ምን ልጻፍላት ስለው፣ "ፀጉሯ ያድጋል በያት" ብሏል፤ ከዚያ በር ላይ ቆሞ አሰበና፣ "ናፍቃኛለች ብለሽም ጻፊ" አለ። ጽፌያለሁ። እኔም ናፍቀሽኛል፤ ዘንድሮ ከሌላው ዓመት ይልቅ።

ታላቅ እህትሽ
ሶልቬግ

ቾቶ አጠገብ፣ ሞንታና
ኦክቶበር 6 ቀን 1991